ከልክ ያለፈ ውፍረትና የሕክምና አያያዙ፤ ከልደታ እንደታየ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ ከልክ ስላለፈ ውፍረትና ስለ ሕክምና አያያዙ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፣ ርእሱን የሰማ አንድ ባልደረባዬ «ይህ የጠገበ አገር ጉዳይ አይደለምን?» ብሎኝ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ንግግሬን ከእሱ እጀምራለሁ።

ሙያችን በዚህ አገር የተቀረጸው በረኀብ ነው። የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ረኀብ መምህራኖቻችንን ያስተማራቸውን እነሱም መልሰው ለእኛ አስተማሩን፤ ሕፃን በሚዛን ሰቅሎ መመዘን፣ ክንዱን በጥብጣብ መለካት፣ እግሩን ተጭኖ እብጠት መፈለግ፣ ወተቱን በሰዓት ከፍሎ መስጠት። እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል በ1968 የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ ዋና ዓላማው የጎደለውን መሙላት ነበር። ፋፋ የሚለውን ስም የማታውቅ የዚያ ዘመን የአዲስ አበባ እናት ያለች አይመስለኝም። ያ ኢንስቲትዩት ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በምንለው ተቋም ውስጥ ይገኛል። የሕፃኑ ኪሎ እንዲጨምር ሲጥር የኖረው ይኸው ተቋም በ2007 ዓ.ም. ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችን መንሥኤዎች በመላው አገሪቱ ሲያጠና፣ ከለካቸው ነገሮች አንዱ የአዋቂ ሰው ወገብ ነበር። በዚያ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑት መካከል ከመቶ 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል።

የሴቶቹን ቁጥር ለብቻው ላቅርብ። በ1992 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች መካከል ከመቶ 30ዎቹ ከልክ በታች የከሱ፣ ከመቶ 3ቱ ደግሞ ከልክ በላይ የወፈሩ እንደነበሩ ያሳያል። በ2008 ዓ.ም. የከሱት ወደ 22 ዝቅ ሲሉ፣ የወፈሩት ወደ 8 ከፍ አሉ። ከተማና ገጠሩ ሲለያይ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ በገጠር ከመቶ 4፣ በከተማ ከመቶ 21። ከአምስት የከተማ ሴቶች አንዷ ማለት ነው። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት መካከል ከመቶ 15ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው የማይመጥን አጭር ነበር። ስለዚህ ክሳቱ ሳይወጣ ውፍረቱ ገብቷል፤ ሁለቱም በአንድ ግቢ፣ አንዳንዴም በአንድ መሶብ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ጠዋት ክትባት ክፍል ያየኋትን የቀጨጨ ልጅ፣ ከሰዓት በኋላ የደም ግፊት ካርድ ከያዘች እናቷ ጋር ደግሜ አያታለሁ።

ይህ ጉርብትና በአጋጣሚ የመጣ እንዳይመስለን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ. ክረምት፣ የሆላንድ ከተሞች በከበባ ተርበው ነበር። በዚያ ወራት የተፀነሱና የተወለዱ ወንዶች በ19 ዓመታቸው ለውትድርና ሲመረመሩ የተመዘገበው ክብደታቸው ተጠንቶ በ1976 ታትሟል። እናቶቻቸው በእርግዝናቸው የመጀመሪያ እኩሌታ የተራቡት ከሌሎቹ ይልቅ ለውፍረት የተጋለጡ ሆነው ተገኝተዋል። በ1977 ዓ.ም. በእናታቸው ማሕፀን የነበሩ ወገኖቻችን ዛሬ ዕድሜያቸው ወደ አርባ ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ብዙዎቹም ከተማ ገብተው ይኖራሉ። በልጅነቱ ያጣ አካል በጉልምስናው ያገኘውን እንዴት እንደሚያስተናግደው መጠየቅ ስንጀምር፣ ባልደረባዬ «የጠገበ አገር» ያለው ጉዳይ የተራበ አገር ጉዳይም መሆኑ ይገባናል።

አሁን ወደ ልደታ እንግባ።

ልደታ ከሕክምና አንጻር የታደለ ክፍለ ከተማ ነው። ጥቁር አንበሳ እዚያ ነው፤ ደጃዝማች ባልቻ ሆስፒታልም እዚያ ነው። የእኔ የሥራ ቦታ ግን ከእነዚህ ከሁለቱ ስም ጋር የማይነሣ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ሰፈሩን የምታውቁት ታስታውሱታላችሁ፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የጭቃው የቀበሌ ቤት ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ተተከለ፤ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ደግሞ ቀላል ባቡሩ ከላይ ማለፍ ጀመረ። ከልደታ ተነሥቶ ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደው ባቡር ቀጥሎ የሚቆምበት ጣቢያ «ኮካ ኮላ» ይባላል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከለስላሳ መጠጥ ፋብሪካው ነው። ሕሙማኔን ከየት እንደመጡ ስጠይቃቸው «ከኮካ» ይሉኛል፤ በካርዳቸውም ላይ እንዲሁ እጽፋለሁ። ስለ ስኳር የምሰጠው ትምህርት ከአድራሻው ጋር መታገሉን እያየሁ ለብቻዬ ፈገግ የምልባቸው ቀናት አሉ።

«ወፈርኩ» ብሎ ካርድ የሚያወጣ ሰው ከስንት አንድ ነው። የሚመጡት በጉልበት ሕመም፣ በወገብ፣ በራስ ምታት፣ በእግር ቃጠሎ፣ ሌሊት ደጋግሞ በመሽናት ነው። ወንዶቹ በተለይ ሾፌሮቹ ሚስት ስታስገድዳቸው ይመጣሉ፤ እሷም «ያንኮራፋል፤ ትንፋሹ ቁርጥ ይልና ያስደነግጠኛል» ትላለች። ማንኮራፋት በእኛ ዘንድ የጥጋብ እንቅልፍ ምልክት ስለሆነ ባልየው ይስቃል። ቀን መሪ ይዞ ያንቀላፋ እንደሆነ ግን ስንጠይቀው ሣቁን ያቆማል። ይህን ጥያቄ ለእያንዳንዱ አንገተ ወፍራም ሾፌር እንድታቀርቡ አደራ እላለሁ፤ ከኋላው የተቀመጡት ተሳፋሪዎች አሥራ ሁለት ናቸውና።

አንዲት እናት በምሳሌነት ላቅርብ። ይህች ሴት አንዲት ግለሰብ አይደለችም፤ በየሳምንቱ ከማያቸው ከብዙዎቹ ያዋሐድኳት ናት። ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት ነው። ቀድሞ ቤቷ መሬት ላይ ነበር፤ ውኃ ከቦኖ ትቀዳ፣ በርበሬ ትቀነጥስ፣ ልብስ በደጅ ታጥብ፣ ለቡና ጎረቤት ትሄድ ነበር። አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ ሊፍት የለም። ውኃው በቧንቧ፣ ልጆቿ በሥራ፣ ቡናውም እዚያው ኮሪደሩ ላይ ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃውን ትፈራለች፤ ደረጃውን ስለምትፈራ አትወርድም፤ ስለማትወርድ ክብደቷ ይጨምራል፤ ክብደቷ ሲጨምር ጉልበቷ ይብሳል። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ፣ ለቤተ ክርስቲያን ትወርዳለች። ሚዛኑ ላይ ስትወጣ 91 ኪሎ ናት፤ ቁመቷ 1 ሜትር ከ56። «እትዬ፣ ክብደትዎ ትንሽ በዝቷል» ስላት የምትመልስልኝ ቃል የሁሉም ነው፤ «ሲስተር፣ ልጄ፣ እኔ እኮ ምንም አልበላም፤ ጾመኛ ነኝ።»

በዚህ ቃል ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ብዙው ሥራችን የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። አንዳንዶቻችን ይህን ስንሰማ በልባችን «ትዋሻለች» እንላለን፤ ፊታችንም ይናገርብናል። እናትየዋ ግን አልዋሸችም። ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ ስላልቀመሰች፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም እህል ስላልነካች አልበላሁም ትላለች፤ በጾም ቋንቋ ቃሏ እውነት ነው። በዓመት ውስጥ ምእመኑ የሚጾማቸው ቀናት ከ180 ያላነሱ ስለሆኑ፣ የአንድ አማኝ ዓመታዊ አመጋገብ እኩሌታ የጾም ምግብ ነው። የጾም ምግብ ደግሞ ሲፈጠር ሽምብራ፣ ምስር፣ ጎመንና ኑግ ነበር፤ በዛሬዋ ከተማ ግን ዘይት የተንሳፈፈበት ሽሮ፣ ሳምቡሳ፣ ቦንቦሊኖ፣ ፓስታ፣ ነጭ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ሆኗል። በረመዳን ምሽት ላይ የሚቀርበውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ «ጾሙን ተዪ» ማለት ስድብ ሲሆን፣ «ጾሙን እንደ ቀድሞው ጹሚው» ማለት ግን ሕክምና ነው፤ ሰሚም ያገኛል።

ዘይቱን ለማወቅ የምጠቀምበት አንድ ቀላል መንገድ አለ። «በቀን ስንት ማንኪያ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ ወጥ የሚሠራ ሰው በማንኪያ አይለካም። የምጠይቀው «የመጨረሻውን ጀሪካን መቼ ገዛችሁት? መቼስ አለቀ? ከመሶቡ የሚቀርበው ስንት ሰው ነው?» ብዬ ነው። ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን ለአራት ሰው በ20 ቀን ካለቀ፣ ለአንድ ሰው በቀን 62 ሚሊ ሊትር ያህል ይደርሰዋል፤ ይህም ከ500 ካሎሪ በላይ ነው፤ በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበቃት ሴት የቀኑ ሩብ መሆኑ ነው። ሒሳቡን እፊቷ በወረቀት ሳሰላው ማንንም ውሸታም አላልኩም፤ ጥፋቱ የጀሪካኑ ይሆናል። ቀጣዩን ጀሪካን 20 ቀን የነበረውን 30 ቀን እንድታደርሰው እንስማማለን። ይህን የምትፈጽም ቤተሰብ ለባልየውም፣ ለልጆቹም መድኃኒት ገዛች ማለት ነው።

የዘይቱ ዓይነት ሌላ ጥያቄ ነው። በሸማቾች ማኅበራት በኩል በድጎማ ሲከፋፈል የኖረው የሚረጋው የፓልም ዘይት ከስቡ እኩሌታ ያህሉ የሚረጋ ስብ ስለሆነ ለልብ አይበጅም። ነገር ግን «ፈሳሹ ዘይት አያወፍርም» የሚለው የገበያ ወሬ ስሕተት ነው፤ የትኛውም ዘይት በግራም 9 ካሎሪ ነው። ሻዩም እንዲሁ ነው። በቀን አራት ብርጭቆ፣ በየብርጭቆው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢሆን ወደ 48 ግራም ይደርሳል፤ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ሲጨመርበት ሌላ ከ30 ግራም የማያንስ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ቢቻል ከ25 ግራም እንዳያልፍ ይመክራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ስኳርንና ጣፋጭ መጠጦችን ቀረጥ ውስጥ ማስገባቱ በጎ ነው። እኛ ግን አዋጅ የሚያወጣ ክፍል ስላልሆንን ወደ ብርጭቆው እንመለስ። ስኳሩን በሁለት ሳምንት በግማሽ ማንኪያ እየቀነሱ መሄድ ከምላስ ጋር ሳይጣሉ የሚቻል ነገር ነው።

እንጀራውን ግን አትንኩት ብዬ እለምናችኋለሁ። ከየት እንደመጣ የማላውቀው «እንጀራ ተው» የሚል ምክር በከተማው ተሠራጭቶአል። ሰውየው እንጀራ ትቶ ዳቦና ፓስታ ይዞ ይመጣል፤ ሚዛኑም ላይ ያው ነው። ሁለት የበላ አንድ ተኩል ይብላ፤ ጎመኑ ይብዛ፤ ወጡ ይቅጠን። ጤፍ ባለበት አገር ጤፍን ጠላት ማድረግ የሚያዋጣ አይደለም።

ከምግቡ ይልቅ የሚከብደው ግን ቋንቋው ነው። በእኛ አነጋገር «ወፈርክ» ምርቃት ነው፤ «ከሳህ» ደግሞ የሐዘን ጥያቄ። የተመቸው ሰው ሞላ ይላል፤ የወንድ ቦርጭ የሹመት ወይም የትርፍ ማስረጃ ነው። አራስ ገንፎና አጥሚት ጠጥታ፣ በቅቤ ታሽታ፣ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ስትወጣ «እንዴት አምሮባት ወጣች!» የምትባለው በኪሎዋ ነው። በዚህ ላይ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓመታት ኤች.አይ.ቪ. በከተማችን ሰውን እያከሳ ሲገድል አየን። ያኔ መክሳት ሐሜት ነበር፤ ከሥራ፣ ከዕቁብ፣ ከትዳርም ያርቅ ነበር። ዛሬ ዕድሜያቸው ከአርባ በላይ የሆኑት ሕሙማኔ ያንን ዘመን በዐይናቸው ያዩ ናቸው። ስለዚህ ያች የአራተኛ ፎቅ እናት በስድስት ወር 7 ኪሎ ስትቀንስ፣ የደም ግፊቷ ሲወርድ፣ ጉልበቷም ሲቀላት፣ ጎረቤት በሹክሹክታ «ምን አገኛት?» ይላል። እህቷ ከገጠር መጥታ ታለቅሳለች። እናትየዋም ተሸማቃ፣ ቅቤውን መልሳ ጀምራ በሦስተኛው ወር ሚዛኑ ላይ የቀድሞዋ ሆና ትገኛለች። እኛም ካርዱ ላይ «ምክር አልተቀበለችም» ብለን እንጽፋለን!

ይህን አይቼ ከመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ማድረግ ጀምሬያለሁ። «ትንሽ ሲቀንሱ ሰዎች ታመሙ ወይ ይሉዎታል፤ ምን ይመልሳሉ?» ብዬ ቀድሜ እጠይቃለሁ። መልሱን አብረን እናዘጋጃለን። አንዳንዶቹ «ሐኪም አዞኝ ነው» ይላሉ፤ ሌሎቹ የደም ግፊት መከታተያ ካርዳቸውን በቦርሳ ይዘው ለጠየቀ ያሳያሉ። ባል ወይም ታላቅ ልጅ በሁለተኛው ቀጠሮ እንዲመጣ አደርጋለሁ፤ በቤት ውስጥ መክሳቷን የሚያውቅና የሚደግፍ አንድ ሰው ሲኖር የጎረቤት ሹክሹክታ ኃይሉን ያጣል። ይህ በየትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ያላገኘሁት የሕክምናው ግማሽ ነው።

ስለ መለካት ደግሞ ጥቂት ልናገር። ክብደትን በኪሎ ግራም ለቁመት በሜትር ሁለት ጊዜ ማካፈል የቤልጅጉ ሊቅ የአዶልፍ ኬትሌ የ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ሐሳብ ነው፤ ቢኤምአይ የሚለውን ስም የሰጡት አንሰል ኪስና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ በ1972። ከ25 በላይ ከልክ ያለፈ ክብደት፣ ከ30 በላይ በሽታ የሚባል ውፍረት ነው። የምሳሌዋ እናት 37 ገደማ ናት። ልኬቱ ለሕዝብ ጥናት የተበጀ ስለሆነ የግለሰቡን ስብ የት እንዳለ አይነግርም። በቢኤምአይ 24 ሆኖ ቦርጩ የወጣ ቀጭን እግር ያለው ነጋዴ ከእሷ ይልቅ ለስኳር በሽታ ቅርብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የልብስ ሰፊ ሜትር በኪሳችን ይኑር፤ ወገብ ከቁመት እኩሌታ ካለፈ ጥያቄ ማንሣት ይገባናል። ሜትር በጥቂት ብር ይገኛል። ብዙ ቦታ የጎደለው የቁመት መለኪያው ነው፤ ሚዛን አለ፣ ቁመት ግን «በግምት» ይሞላል።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ የደም ግፊት መለኪያው ካፍ ነው። መደበኛው ካፍ ለመካከለኛ ክንድ የተሠራ ነው። በወፍራም ክንድ ላይ ሲታሠር ግፊቱን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ አንድ ጥናት ትልቅ ካፍ በሚያስፈልጋቸው ሰዎች ላይ መደበኛው ሲታሠር የላይኛው ቁጥር 5 ገደማ፣ እጅግ ትልቅ ካፍ በሚያስፈልጋቸው ላይ ሲታሠር ደግሞ 20 ገደማ ከፍ ብሎ እንደሚነበብ አሳይቷል። ሃያ ማለት ጤነኛውን ሰው ለዕድሜ ልክ መድኃኒት ማዘዝ ማለት ነው፤ አለዚያም አንድ ክኒን የሚበቃውን ሰው ሦስት ማስዋጥ። ከዚያም መድኃኒቱ እግሯን አሳበጠው፣ አዞራት፣ ተወችው፤ እኛም «መድኃኒቷን አትወስድም» እንላለን። ውፍረትን በሚዛን ብቻ የሚያክም ጤና ጣቢያ ከዚህ ስሕተት አይድንም።

ስለ ግቡም ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሕሙማን 30 ኪሎ ለመቀነስ ያስባሉ፤ እኛም አንዳንዴ ይህንኑ እንመክራለን። በአሜሪካ ከ3,000 በላይ ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎችን ይዞ በ2002 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው ታላቅ ሙከራ የጠየቀው ከክብደት ከመቶ 7 ብቻ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መራመድ ነበር። በዚያች ብቻ አዲስ የስኳር በሽታ ከመቶ 58 ቀነሰ፤ ሜትፎርሚን የወሰዱት ግን 31 ብቻ ነው ያተረፉት። ለ91 ኪሎዋ እናታችን ከመቶ 7 ማለት 6 ኪሎ ከምናምን ነው። ለጉልበቷም ልነግራት የምወድደው አንድ ነገር አለ፤ አንድ ኪሎ ስትቀንስ በየእርምጃው ጉልበቷ ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል ይቀንሳል። «አራት ኪሎ ስል ሰፈሩን አይደለም» እላለሁ። ይስቃሉ፤ ቁጥሩን ግን አይረሱትም።

መራመዱ በልደታ የሚቻለው የት ነው? በኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. የተጀመረው ከመኪና ነጻ ቀን ሕዝቡን ጎዳና ላይ አውጥቶ ነበር፤ ወጣቱ ወጣ፣ ያች እናት ግን ከፎቁ አልወረደችም። በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማት የተሰፉት የእግረኛ መንገዶች ለሚደርስባቸው ሰው ታላቅ ነገር ናቸው። እኔ ግን ከደረጃው እጀምራለሁ፤ መጀመሪያ አንድ ፎቅ ወርዶ መመለስ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ፎቅ። ከዚያ ማለዳ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ከጎረቤት ጋር ሆኖ። ብቻዋን «ስፖርት ትሠራለች» እንድትባል የማትፈልግ እናት ለኪዳን ስትሄድ ማንም አያይባትም። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን ያንን ደረጃ በየቀኑ የሚወጡ ስለሆኑ፣ የማትወርደውን ሰው ከእኛ ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ስለ መድኃኒት ሳልናገር ብቀር ትጠይቁኛላችሁ። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጋው ሴማግሉታይድ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ሙከራ በ68 ሳምንት ከክብደት ከመቶ 15 ገደማ አስቀንሷል፤ ባዶ መርፌ የተወጉት ግን ከመቶ 2 ከምናምን ብቻ ቀነሱ። በሴፕቴምበር 2025 የዓለም ጤና ድርጅት ይህንንና መሰሎቹን ከውፍረት ጋር የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ላለባቸው የስኳር ሕሙማን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። ታላቅ እርምጃ ነው። ይሁንና መድኃኒቱ ሲቆም በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሰው ሁለት ሦስተኛው እንደሚመለስ ታይቷል። ለአንድ ወር ከዘመድ በሻንጣ የመጣለትን ወግቶ ለሚያቆም ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልንነግረው ይገባል። ማቀዝቀዣ እንደሚፈልግም እንዲሁ።

ሕዝባችን የሚያገኘው ግን ይህን መድኃኒት አይደለም፤ የሚያገኘው «የማቅጠኛ ሻይ» ነው። አብዛኛው ሻይ ሰናይ ቅጠል ያለበት ማስቀመጫ ነው፤ ውኃና ጨው እንጂ ስብ አያወጣም። የውኃ ክኒን ከሚወስድ የደም ግፊት ሕመምተኛ ጋር ሲገናኝ ፖታስየሙን አውርዶ ልብን ያስታል። ከዚህ የባሰው በአውሮፓና በአሜሪካ በ2010 እ.ኤ.አ. ለልብ አደገኛ ሆኖ ከገበያ የወጣው ሲቡትራሚን በልዩ ልዩ አገሮች «ተፈጥሯዊ» ተብለው በሚሸጡ ማቅጠኛዎች ውስጥ ተደብቆ በተደጋጋሚ መገኘቱ ነው። ስለዚህ «ሌላ መድኃኒት ትወስጃለሽ?» የሚለው ጥያቄ በቂ አይደለም፤ ሻይ መድኃኒት አይመስላቸውም። «ለሰውነት መቀነሻ የሚጠጡት ነገር አለ?» ብላችሁ በስሙ ጠይቁ፤ ካርቶኑንም እንዲያመጡ እዘዙ።

ወጣት እናቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያነሡት የሦስት ወር መርፌውን ነው። በአገራችን በብዛት የሚመረጠው የወሊድ መቆጣጠሪያ እሱ ስለሆነ ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በአንዳንድ ሴቶች ላይ ክብደት እንደሚጨምር የታወቀ ነው። «ወሬ ነው» ብለን ከመለስናት ሁለተኛ አትመጣም፤ ያልፈለገችው እርግዝና ይመጣል። መርፌው ሲጀመር ክብደቷ ይመዝገብ፤ በሁለተኛው መርፌ ጭማሪው ጎልቶ ከታየ ሌላ ዘዴ ይቅረብላት።

አሁን የማኅበራችንን ሥራ የሚመለከተውን ተናግሬ ላብቃ። በተመላላሽ ክፍል ለአንድ ሕመምተኛ ያለን ጊዜ አምስት ደቂቃ አይሞላም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስለ ውፍረት ሁሉን መናገር አይቻልም፤ ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እንናገር፤ ዛሬ ጀሪካኑን፣ በሚቀጥለው ወር ሻዩን። የሚቻል ከሆነ በየጤና ጣቢያው አንድ ነርስ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ለክብደት ክትትል ትመደብ፤ ቀጠሮው በየወሩ ይሁን፤ የጠፋችውን በስልክ እንጥራ፤ ክብደቱ ተመልሶ ከጨመረም ሳንቆጣ እንቀበል። ብዙዎቹ የሚጠፉት ጨምረው መምጣት ስለሚያፍሩ ነው። በመመዘኛው ቦታ ኪሎን ጮክ ብሎ መጥራት የሚባለውን ልማድ ግን ከነገ ጀምሮ ብንተወው ማንም በጀት አይጠይቀንም፤ ወረፋው ፊት ሆኖ «ዘጠና አንድ!» ሲባል የሰማች ሴት ለምን እንደማትመለስ የሚጠፋን አይመስለኝም።

በመጨረሻም ለሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ የማቀርበው አንድ የተወሰነ ሐሳብ አለኝ። ትልቅና እጅግ ትልቅ ካፍ በእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ተመላላሽ ክፍል እንዲኖር ማኅበራችን ለከተማው ጤና ቢሮ በጽሑፍ እንዲጠይቅ፤ ደብዳቤውም ከዚህ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ጋር ተያይዞ እንዲላክ። የስንት ክፍል ካፍ እንደሚጎድል ለማወቅ ዛሬ በመውጫው በር ላይ ያስቀመጥኩትን ወረቀት የየጤና ጣቢያችሁን ስም እየጻፋችሁ እንድትሞሉልኝ እጠይቃለሁ።